ልጅ ሆኖ አይቀርም

ሁለቱ ተነጋጋሪዎች ዓለም ገና ከተማ ይኖራሉ፤ የአንድ እድር አባላት ናቸው። አባትየው ከጅማ መንገድ ገባ ብሎ የእንጨት ሥራ ቤት አለው። መምህርቷ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው። የአባትየው ልጅ ኦቲዝም አለበት፤ ዘንድሮ አሥራ አምስት ዓመት ሞልቶታል። ይህ ንግግር እሑድ ከእድሩ ስብሰባ በኋላ የተጀመረ ነው።

አባት፦ እትዬ፣ ጊዜ ካለዎት ስለ ልጁ ላማክርዎት ነበር። እናቱ «እሳቸውን ጠይቃቸው» ካለችኝ ሰንብታለች።

መምህርት፦ ጊዜማ ሞልቶ። ቁጭ በል። ምን ሆነ?

አባት፦ ሆነ የምለው ነገር እንኳ የለም። እሱ ያው ነው፤ ሰውነቱ ነው የተለወጠብን። ድምፁ ጎርንኗል፣ ፂም ጀምሮታል፣ እናቱን በቁመት አልፏታል። ድሮ ታክሲ ውስጥ ጆሮውን ይዞ ሲጮህ ሰው «ምስኪን» ብሎ ዝም ይል ነበር። አሁን ረዳቱ «ውረዱ» ይለናል። ጩኸቱ የድሮው ነው፤ ሰው ግን ፈራው። እናቱም ብቻዋን ይዛው መውጣት ትታለች።

መምህርት፦ ታዲያ ቤት ዋለ ማለት ነው?

አባት፦ ግማሽ ቀን ትምህርት ቤት ይሄዳል። ቀሪውን ቤት ነው።

መምህርት፦ ብዙ ቤተሰብ የሚሸነፈው እዚህ ዕድሜ ላይ ሲደርስ ነው። ትንሽ ሳለ ተሸክመውት ይሮጣሉ፤ ሐኪም ቤት፣ ጠበል፣ ትምህርት ቤት። ሲጎረምስ ድካሙ ይበረታና በሩ ይዘጋል። አየህ፣ ለትንንሾቹ ቢያንስ የተጀመረ ነገር አለ። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በ1994 ዓ.ም ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን የከፈቱት የገዛ ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት ቢያጡ ነው። ቴሌቪዥን ላይ ቀርበው «ልጄ ኦቲዝም አለበት» ብለው በግልጽ ሲናገሩ ያኔ ስሙን የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነበር። በ2013 ዓ.ም እስኪያርፉ ድረስ ከዚያ ሥራ አልወጡም። ከጆይ በኋላ ደግሞ ወላጆች ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልን አቋቋሙ። ሁለቱም አዲስ አበባ ናቸው፤ የሚፈልገው ሰውና ያለው ቦታ አይመጣጠንም።

አባት፦ እኛም ተመዝግበን ነበር። ተራው ሳይደርሰን ልጁ አደገ።

መምህርት፦ የዓለም ጤና ድርጅት ለወላጆች ያዘጋጀው ሥልጠና አለ፤ እኛም አገር ተሞክሯል። ዘጠኝ የቡድን ትምህርትና ሦስት የቤት ጉብኝት ነው። ጥሩ ሥልጠና ነው። የተዘጋጀው ግን ከ2 እስከ 9 ዓመት ለሆኑ ልጆች ወላጆች ነው። ከ9 ዓመት በኋላ ያለው ዕድሜ ሃምሳም ስልሳም ዓመት ሊሆን ይችላል። ያንን ስልሳ ዓመት ማን ያዘጋጀዋል? አሁን፣ በነዚህ በጥቂት ዓመታት ውስጥ፣ አንተና እናቱ፣ እኛም ጎረቤቶቹ ካላዘጋጀነው ማንም አይመጣም። እስቲ ልጠይቅህ፤ ሰላምታ ላይ እንዴት ነው?

አባት፦ ሰላምታ ላይ? ያቅፋል። የሚወደውን ሁሉ ያቅፋል፤ አንዳንዴ የማያውቀውንም። ፀጉርም ይወዳል፤ ረዥም ፀጉር ያላት ሴት ካየ ሄዶ ይነካል።

መምህርት፦ ከሌላው ሁሉ በፊት እዚህ ላይ ሥራ። ያስለመድነው እኛ ነን። በኛ አገር ሕፃን የሁሉም ነው፤ ያገኘው ሁሉ ይስመዋል። የአምስት ዓመት ልጅ የጎረቤት ሴት አንገት ላይ ሲጠመጠም ሰፈሩ ሁሉ ደስ ይለዋል። በአሥራ ስምንት ዓመቱ አስፋልት ዳር ያንኑ ቢያደርግ ይደበደባል። ሌላው ልጅ ደንቡ መቼ እንደተለወጠ ከሰው ፊት ያነበዋል፤ ማንም ሳይነግረው መሳሙን ይተዋል። ያንተ ልጅ ይህ አይታየውም። ስለዚህ ደንቡን አንተ ለውጥለት፣ ቁርጥ አድርገህ፦ እናት፣ አባት፣ እህት፣ አያት ይታቀፋሉ፤ ሌላው ሰው ሁሉ በእጅ ብቻ። በሥዕል ሣለው፣ ግድግዳ ላይ ለጥፈው፣ ከቤት ስትወጡ ሁልጊዜ አሳየው። አንዷ ጎረቤት «ተዉት፣ ለኔ ልጄ ነው» ብላ ካቀፈችው የወሩ ድካም ፈረሰ።

አባት፦ ለሴቶቹ እንዴት ብዬ ነው የምነግራቸው? ልጄን ነውረኛ አድርጌ የማቀርበው መሰለኝ።

መምህርት፦ «ልጄ አድጓል፤ እንደ ትልቅ ሰው ጨብጡልኝ» በላቸው። ከዚህ በላይ ማብራሪያ የሚጠይቅህ የለም።

አባት፦ ሌላም ነገር አለ። ለእርስዎ መናገሩ ይከብደኛል።

መምህርት፦ ገላውን ይነካካል?

አባት፦ አዎ። ሳሎን ውስጥ፣ እንግዳ ባለበት። መታሁት። መምታቴም አልጠቀመም።

መምህርት፦ አትምታው። ይሄ ጉርምስና ያመጣው ነው፤ በየቤቱ ያለ ጎረምሳ ሁሉ ያውቀዋል። ሌላው በር ይዘጋል፤ ያንተ ልጅ በር መዝጋት የሚባለውን አልተማረም። በመታኸው ቁጥር የሚገባው ሰውነቱ ጥፋት መሆኑ ነው፤ ቦታው የተሳሳተ መሆኑ አይገባውም። ድምፅህን ሳትቀይር «እዚህ አይደለም፣ ክፍልህ» ብለህ ውሰደው። ክፍል ከሌለው አልጋው ላይ መጋረጃ ስቀልለት፤ የብቻው ይሁን። እናንተም ስትገቡ አንኳኩ። የራሱ የሆነ ቦታ እንዳለ የሚማረው እናንተ ስታከብሩለት ነው። ገላውን ማን ነው የሚያጥበው?

አባት፦ እናቱ።

መምህርት፦ በአሥራ አምስት ዓመቱ! ወቀሳ አይደለም፤ ደክማ እንጂ ወዳ አይደለም። ግን ሰው ሁሉ የሚያጥበውና የሚያለብሰው ልጅ፣ ማንም ገላውን ቢነካው ትክክል ይመስለዋል። ክፉ ሰው ቢያገኘው ዝም የሚለው ለዚህ ነው። ለሴቶቹ ልጆችማ አደጋው የበለጠ ነው። አንዲት ተማሪ ነበረችኝ፤ የመጀመሪያ የወር አበባዋ ክፍል ውስጥ መጣባትና የቆሰለች መስሏት ቀኑን ሙሉ ጮኸች። ማንም ቀድሞ አልነገራትም፤ «አይገባትም» ተብሎ። ከዚያ በኋላ ለሴቶቹ ሁሉ ቀድመን ማዘጋጀት ጀመርን። ሞዴሱን እንዲነኩት፣ የውስጥ ሱሪ ላይ እንዲለጥፉት፣ ቀይ ቀለም የነካ ውኃ ጠብ አድርገን እንዲያዩት፣ የቀን መቁጠሪያ ላይ ምልክት እንዲያደርጉ። ሲመጣ አልደነገጡም። የሰውነታቸውንም ክፍሎች በእውነተኛ ስማቸው አስተማርናቸው፤ የደረሰባቸውን ነገር መናገር የሚችሉት ስሙን ሲያውቁ ነው።

አባት፦ እሱ ግን ብቻውን መታጠብ ይችላል ብለው ያምናሉ? ሳሙናውን ይዞ ቆሞ ነው የሚቀረው።

መምህርት፦ ከመጨረሻው ጀምሩ። እናቱ እንደወትሮዋ ታጥበው፤ የመጨረሻውን፣ በፎጣ ማድረቁን፣ እሱ ይጨርስ። ያንን ሲለምድ መለቃለቁንና ማድረቁን እሱ ያድርግ። ከዚያ እግሩን በሳሙና ማሸት ይጨመር። እንዲህ ወደ ኋላ እየሄዳችሁ እስከ ውኃው መክፈቻ ትደርሳላችሁ። ጥቅሙ ምን መሰለህ? በየቀኑ ሥራውን የሚጨርሰው እሱ ነው፤ ንጹሕ ሆኖ የሚወጣው በራሱ እጅ ነው። ከመጀመሪያው ብትጀምሩት ግን በየቀኑ መሐል ላይ ይሸነፋል፤ እናቱም ትቀማዋለች። ወራት ይፈጃል። ይፍጅ።

አባት፦ ትምህርት ቤቱስ? ልዩ ክፍል ውስጥ ነው፤ አብረውት ያሉት የሰባትና የስምንት ዓመት ልጆች ናቸው። አብሮ «ሀ ሁ» ይዘምራል።

መምህርት፦ ሄደህ ተነጋገር፤ ተቆጥተህ ሳይሆን አቅደህ። ቀሪውን ጊዜ ለብር፣ ለሰዓት፣ ለስልክ፣ ለታክሲ ያውሉለት። «አየር ጤና» የሚለውንና «ሰበታ» የሚለውን ለይቶ ማንበብ ከቻለ፣ ፊደሉን ሁሉ በተራ ከመዘመር ይበልጣል። ሁሉም ግን እንደሱ አይደሉም፤ ኦቲዝም በጣም ሰፊ ነው። ዩኒቨርሲቲ የገባ አለ። የሰው ዓይን ባለማየቱና ብቻውን በመሆኑ ኩራተኛ የሚባል፣ ሰው ሁሉ «ምንም የለበትም» የሚለው ጎረምሳ አለ። የነዚያ ሕመም ሌላ ነው፤ ከሰው እንደማይገጥሙ ያውቁታል፤ ይጨነቃሉ፣ አንዳንዱ ተስፋ ይቆርጣል። ውጤቱ ጥሩ ስለሆነ ብቻ ደህና ነው ማለት አይቻልም።

አባት፦ አንድ ነገር ልጠይቅ። ቤት አማርኛ ነው የምናወራው፤ ሰፈሩም ቢሮውም ኦሮምኛ ነው። አንድ ሰው «ሁለት ቋንቋ ያምታታዋል፣ አንዱን ተውት» ብሎ መከረን።

መምህርት፦ አትተዉ። በብዙ አገር ተጠንቷል፤ ሁለት ቋንቋ የሚሰሙ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች በዚያ ምክንያት ወደ ኋላ አልቀሩም። እዚህ የሚኖር ልጅ ደግሞ ሁለቱም ያስፈልጉታል። ጎረቤቱ በኦሮምኛ «ቁም» ሲለው መቆም አለበት፤ ስሙንና የአባቱን ስም በሁለቱም መናገር አለበት።

አባት፦ እኔን ያስጨነቀኝ የወደፊቱ ነው እንጂ ይሄ ሁሉ ይሠራል። እውነቱን ልንገርዎ፣ ማታ እንቅልፍ የሚነሳኝ «ምን ይሆናል» የሚለው ነው። የትኛው ሰው ነው ሥራ የሚሰጠው?

መምህርት፦ አንድ ሰው አለ፤ ስለሱ ሳስብ ነው እኔ የምበረታው። ዶናልድ ትሪፕሌት ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1933 አሜሪካ፣ ሚሲሲፒ ውስጥ፣ ፎረስት በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ሐኪሞቹ ከቤት አርቁት ብለው በሦስት ዓመቱ ተቋም ገባ፤ ወላጆቹ አላስቻላቸውም፣ ዓመት ያህል ቆይቶ አወጡት። ባልቲሞር ወስደው ሊዮ ካነር ለሚባል የሕፃናት የአእምሮ ሐኪም አሳዩት። ካነር በ1943 ስለ 11 ልጆች ጽፎ ኦቲዝምን ለዓለም ሲያስተዋውቅ የመጀመሪያው ልጅ እሱ ነው።

አባት፦ ከዚያስ?

መምህርት፦ ዘጠኝ ዓመት ሲሆነው ከከተማዋ ወጣ ብለው የሚኖሩ ባልና ሚስት ገበሬዎች ጋ ሄዶ እንዲኖር ተደረገ። ልጁ ነገር ሁሉ ይለካል፤ ገበሬው «ተው» አላለውም፤ ጉድጓድ ቆፍር፣ ጥልቀቱንም ለክተህ ንገረኝ አለው። የበቆሎ መስመር እየደጋገመ ይቆጥራል፤ እያረስክ ቁጠር አለው። የሞቱ ወፎችና ነፍሳት ይሰበስባል፤ መቃብር የሚሆን ቦታ ሰጠው፣ ምልክት እያደረገ ይቀብራቸው ጀመር። ካነር ሊያየው ሄዶ ልጁ በፈረስ ሲያርስ አገኘው። አስበው፤ ሐኪም አይደሉም፣ መምህር አይደሉም። ልጁ የያዘውን ነገር ከእጁ ሳይቀሙ ወደ ሥራ አዞሩት። እኔ ስንት ዓመት ያስተማርኩበት ሙያ ከዚህ ብዙ አይርቅም።

አባት፦ አድጎስ?

መምህርት፦ ኮሌጅ ገብቶ ፈረንሳይኛ ተማረ። ተመልሶ ፎረስት ከተማ ባንክ ውስጥ በሒሳብ ሥራ ስልሳ ዓመት ገደማ ኖረ። መኪና መንዳት በ27 ዓመቱ ተማረ። ጎልፍ ይጫወት ነበር፤ ብዙ አገር ብቻውን ዞሯል። ወላጆቹ ሞተው በዚያው በቤተሰቡ ቤት ብቻውን ኖረ። በ2023 በ89 ዓመቱ አረፈ።

አባት፦ ባንኩ የማን ነበር?

መምህርት፦ ቤተሰቡ ድርሻ ነበረው።

አባት፦ አየ። እኛ ባንክ የለንም እኮ እትዬ።

መምህርት፦ አልክድህም፤ ወንበሩን ያገኘለት የቤተሰቡ ሀብት ነው። ግን ከነዚያ 11 ልጆች መካከል የሌሎቹም ወላጆች የተማሩና ያላቸው ነበሩ። ካነር በ1971 የት እንደደረሱ ፈልጎ ጻፈ። ወደ ትልልቅ የመንግሥት ሆስፒታሎች የተላኩት የነበራቸውን ችሎታ እንኳ አጥተው፣ ከሰው ተለይተው ተገኙ። የልጆቹ ሁኔታ ብቻ አይደለም የለያያቸው፤ የኖሩበት ቦታም ነው። ዶናልድን ከተማው ያውቀዋል። ከብዙ ዓመታት በኋላ ጋዜጠኞች ሊጠይቁት ሲሄዱ ነዋሪዎቹ «እሱን የሚጎዳ ነገር ብትጽፉ እናንተን ማግኘት አያቅተንም» ብለው አስጠንቅቀዋቸዋል። ይሄ በገንዘብ አይገዛም። ዓለም ገናም ልታደርገው ትችላለች።

አባት፦ እዚህ? እዚህ ሰው ልጁን ይደብቃል እንጂ።

መምህርት፦ ይደብቃል፤ አውቃለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት ክሊኒኮች ላይ 102 ተንከባካቢዎች ተጠይቀው እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት አለ። ከመቶ 45 ያህሉ በልጁ ሁኔታ እንደሚያፍሩ ተናግረዋል። ከአራቱ ሦስቱ ደግሞ ያልተሟላልን የልጁ ትምህርት ነው ብለዋል። እርግማን ነው፣ መንፈስ ነው የሚሉም ብዙ ነበሩ። ሰው ልጁን የሚደብቀው ጠልቶት አይደለም፤ ሐሜቱን ፈርቶ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ግን እ.ኤ.አ. በ2021 ግምቱ ከ127 ሰው አንዱ ኦቲዝም አለበት ይላል። በዚህ ከሄድን ዛሬ እድሩ ላይ ከነበርነው ውስጥ ቤቱ እንዲህ ያለ ልጅ ያለው ሌላም ሰው ሊኖር ይችላል፤ አንተ ከተናገርክ እሱም ይናገራል።

አባት፦ የሰበታ መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ተማሪዎች በየመንገዱ ሲሄዱ ማንም ዞሮ አያያቸውም። ሰዉ ለምዷል።

መምህርት፦ ጥሩ አልክ። ትምህርት ቤቱ ሰበታ ላይ ስላለ ከተማው ከነሱ ጋር መኖርን ተማረ፤ መንገድ ያሻግራል፣ ሰላም ይላል። የነሱ ዱላ ግን ይታያል። ያንተ ልጅ ላይ የሚታይ ምልክት የለም፤ ስለዚህ ሰው መንገር አለብህ። ባለሱቁን፣ የባጃጅ ሹፌሮቹን፣ የወፍጮ ቤቱን ሰው። ፖሊስ ጣቢያም ይዘኸው ሂድ፤ ሳያጠፋ በደህናው ቀን ያውቁት። መልስ ሳይሰጥ ቢቀር ሰካራም ወይም ሌባ መስሏቸው እንዳይመቱት። ኪሱ ውስጥ ስሙና ያንተ ስልክ ያለበት ወረቀት በላስቲክ ተጠቅልሎ ይኑር። እዚህ የጅማ መንገድ ላይ የጭነት መኪናው አያቋርጥም፤ ዝም ብሎ የመሄድ ልማድ ያለበት ልጅ ሲጠፋ መጀመሪያ ወደ አስፋልቱና ወደ ወንዙ ሩጡ።

አባት፦ የእንጨት ሥራ ቤቴ ይመጣል አንዳንዴ። ማሽኑ ሲነሳ ግን ይሸሻል። ዝም ባለ ጊዜ ሚስማር ይለያል፤ ስድስት ቁጥር ለብቻ፣ ስምንት ቁጥር ለብቻ፣ አሥር ቁጥር ለብቻ። ማንም አላስተማረውም። እኔ እንዲያው እጁ ሥራ ሲፈታ ነው ብዬ…

መምህርት፦ እህ! ይሄን እስካሁን ሳትነግረኝ! ሠራተኞችህ በየቀኑ ሚስማር ሲያማርጡ ስንት ጊዜ ይሄዳል? ሥራ እኮ ይዟል። የጆሮ መከላከያ ግዛለት፤ መጋዝና ፕላና ያለበት ጋ ወለሉ ላይ ቀለም አስምር፤ ከመስመሩ አያልፍም። መጀመሪያ ግማሽ ሰዓት ብቻ፣ ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት፣ ከምሳ በኋላ ከሆነ ሁልጊዜ ከምሳ በኋላ። ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ አስተምረው፤ የለሰለሰ እንጨት ምን እንደሚመስል አንድ ናሙና አጠገቡ አስቀምጥ። እና ክፈለው። ትንሽም ብትሆን በእጁ ስጠው፤ ሱቅ ሄዶ በራሱ ብር ለስላሳ ይግዛ።

አባት፦ ልጄን ቀጥሬ ልክፈለው?

መምህርት፦ ልጅህ ትልቅ ሰው ሊሆን ነው። ሥራና ብር እንደሚያያዙ ከአንተ ካልተማረ ከማን ይማራል? የአካል ጉዳተኞችን የሥራ መብት የሚያስከብር አዋጅ፣ አዋጅ ቁጥር 568፣ በ2000 ዓ.ም ወጥቷል። ሕጉ መኖሩ ጥሩ ነው፤ ማንም ግን አዋጁን አንብቦ ቤትህ መጥቶ ልጁን አይቀጥረውም። የሠራ ጎረምሳ ግን «ይሄን ይሠራል» ተብሎ ይነገርለታል፤ ሌላ እንጨት ቤት ሊወስደው የሚችለውም ያኔ ነው።

አባት፦ ሰሞኑን ደግሞ ቁጣ ጀምሮታል፤ ራሱን ግድግዳ ላይ ያጋጫል። እናቱ ጠበል እንውሰደው ትላለች።

መምህርት፦ ከመቼ ወዲህ ነው?

አባት፦ ሁለት ሳምንት ይሆናል።

መምህርት፦ እንግዲያው ነገ ሐኪም ጋ። በድንገት የመጣ ለውጥ ሲሆን መጀመሪያ ሕመም ፈልጉ፤ ጥርሱ፣ ጆሮው፣ የሆዱ ድርቀት። «አመመኝ» ማለት ያልቻለ ልጅ የሚናገረው እንዲህ ነው። ሌላው ደግሞ የሚጥል በሽታ ኦቲዝም ባለባቸው ላይ በብዛት ይታያል፤ በጉርምስና ጊዜ ሊጀምር ይችላል። ቀጥ ብሎ ማየት፣ መደንዘዝ፣ መውደቅ ካያችሁ አትዘግዩ። ጠበሉን ሂዱ፤ እምነታችሁ ነው። መድኃኒት ከተሰጠው ግን ለጠበል ብላችሁ እንዳታቋርጡ፤ የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ሊገድል ይችላል። ማሰርም የለም።

አባት፦ አይታሰርም። እሱንስ አላደርገውም።

መምህርት፦ አውቃለሁ። ለሌላውም እንድትናገር ነው።

አባት፦ አሥራ ስምንት ሲሞላውስ? ፍርድ ቤት ሄደህ በስምህ አድርገው የሚሉኝ አሉ።

መምህርት፦ አሥራ ስምንት ሲሞላው ሕጉ አዋቂ ይለዋል፤ አንተም በሱ ፋንታ መፈረም ያበቃል። ፍርድ ቤት አንድን ሰው በፍርድ ከልክሎ ሞግዚት ሊሾምለት ይችላል። ግን ያ መንገድ ከባድ ነው፤ ልጁ በራሱ ጉዳይ ላይ ያለውን ሥልጣን ይወስድበታል። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ሰውየው እየታገዘ ራሱ እንዲወስን ነው የሚለው። ስለዚህ ሳትቸኩል የሕግ ባለሙያ አማክር። አሁን ማድረግ የምትችለውን አድርግ፦ የልደት ካርዱ ይውጣ፣ ለፋይዳ መታወቂያ ይመዝገብ። ለፋይዳ የጣት አሻራውና ዓይኑ ስለሚነሱ ቀድመህ ቤት አለማምደው፤ ወረፋ በሌለበት ጠዋት ውሰደው። ኑዛዜህንም ጻፍ። ቤቱን ለማን፣ የልጁን ጉዳይ ለማን እንደምትል ሰው በግምት አይወስንልህ።

አባት፦ እሱንስ አስቤዋለሁ። እህቱ አለች። ከኔ በኋላ እሷ ናት።

መምህርት፦ ጠይቀሃታል?

አባት፦ ምን ትጠየቃለች፤ ወንድሟ ነው።

መምህርት፦ ስንት ዓመቷ ነው?

አባት፦ አሥራ ዘጠኝ።

መምህርት፦ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት፤ አንተ ደግሞ ሕይወቷን ሳትነግራት ጨርሰህባታል። ምናልባት እሷም ታውቀዋለች። እኔ በሥራዬ ያየሁት ይሄ ነው፤ ያልተጠየቁ እህቶች ወይ ሕይወታቸውን ትተው ይቀራሉ፣ ወይ ሩቅ አገር ሄደው አይመለሱም። የተጠየቁት ግን «ይሄን ይሄን እችላለሁ፣ ይሄን አልችልም» ይላሉ፤ ያሉትንም ይፈጽማሉ። እሷ በወር አንዴ ልትመጣ ትችላለች፤ አጎቱ የገንዘቡን ጉዳይ ሊይዝ ይችላል፤ ጎረቤት ማታ ማታ ብቅ ሊልለት ይችላል። አንድ ሰው ላይ ከተጣለ ያ ሰው ሲታመም ልጁ ሜዳ ቀረ። አራት አምስት ሰው ግን ትንሽ ትንሽ ሊይዘው ይችላል። እነዚያን አራት አምስት ሰዎች አንተ በሕይወት ሳለህ ነው የምታገኛቸው።

አባት፦ እድሩስ ያስብለት ይሆን እትዬ? እኔ ብሞት ድንኳን ይተክሉልኛል፤ ቀብረውኝ ይመለሳሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

መምህርት፦ እድር ለሐዘን ቀን የተቋቋመ ነው፤ ግን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ስሙ ያለበት ሌላ መዝገብ የለንም። ለዚህ ነው ልጁ ከመዝገቡ ውጭ እንዳይቀር የምለው። አሥራ ስምንት ሲሞላው በራሱ ስም አባል እንዲሆን ጠይቅ፤ መዋጮውን ከራሱ ከሚያገኘው ብር እየከፈለ። ሌላው አባል የሚያደርገውን እሱም ያድርግ። ምን ይወዳል፣ መቁጠርስ?

አባት፦ ይቆጥራል። ደረጃ ይቆጥራል፣ የሚያልፍ መኪና ይቆጥራል፣ ቤት ውስጥ ያለውን ሲኒ ሁሉ ይቆጥራል። አንድ ሲጎድል ሌሊቱን አይተኛም።

መምህርት፦ እድራችን ስንት ወንበር እንዳለው ታውቃለህ?

አባት፦ እኔ እንጃ። በየሐዘኑ ይጠፋል፤ በየስብሰባው ጭቅጭቅ ነው። ዛሬም እሱ አልነበር የተነሳው? ወንበር፣ ብረት ድስት፣ ትሪ…

መምህርት፦ ንብረት ያዡ ሰውዬ አርጅተዋል፤ መቁጠሩ ሰልችቷቸዋል። የሚጠፋው ወንበር የሚጠፋው ሲወጣና ሲመለስ የሚቆጥር ሰው ስለሌለ ነው። ልጅህ ይቁጠር። ሲወጣ ይቁጠር፣ ሲመለስ ይቁጠር፤ ቁጥሩን ጽፎ ለጸሐፊው ይስጥ። መናገር ባይችል በወረቀት ይስጥ።

አባት፦ ድንኳን ሲተከል ለቅሶ አለ፣ ጩኸት አለ። ይከብደዋል።

መምህርት፦ ለቅሶ ቤት ወዲያው አትውሰደው። መጀመሪያ መጋዘኑ ባዶ ሲሆን፣ ሰው ሳይኖር፣ አንተ አብረኸው። ሁለተኛው ጊዜ ንብረት ያዡ ባሉበት። እቃው ከመጋዘን ሲወጣና ሲገባ ብቻ ይገኝ፤ ድንኳኑ ጋ መሄድ የለበትም። የጆሮ መከላከያው አንገቱ ላይ ይሁን። ሲደክመው የት እንደሚቀመጥ ቀድሞ ይወቅ። አንዴ ቢበላሽ ደግሞ፣ የመጀመሪያ ቀኑ የተበላሸበት ሰው እሱ ብቻ አይደለም፤ በሳምንቱ ትመልሱታላችሁ።

አባት፦ ሰብሳቢውን እኔ ላናግረው?

መምህርት፦ አብረን እናናግረዋለን። ምሕረት የምንጠይቅ እንዳይመስልብን፤ የምናቀርብለት ቆጣሪ ነው። ለሐኪም ግን ነገ አሳዩት፤ እሱ ይቅደም።

አባት፦ ነገ ጠዋት እንወስደዋለን። መጋዘኑስ መቼ ይከፈታል?

መምህርት፦ አንዱ ቁልፍ እኔ ጋ ነው። ደህና ከሆነ ሐሙስ ከሰዓት ይዘኸው ና፤ እህቱንም ጥራት።